ቤት ውስጥ ማን ይሉሽ ነበር?

ሀኪማ መስኮቷ ላይ ለምትቀርብ ሐበሻ ሴት ሁሉ የምታቀርበው አንድ ጥያቄ ነበራት። ስም ከተጻፈ፣ የአባት ስም ከተጻፈ፣ ፎቶግራፉ ከተለጠፈ በኋላ እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና ቀና ብላ «ቤት ውስጥ ማን ይሉሽ ነበር?» ትላለች። ጥያቄው በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። ከላይ የወረደ መመሪያም አልነበረም። የራሷ ፈጠራ ነው፤ ትኮራበት ነበር፤ ደግሞስ መኩራት ሲያንሳት!

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የፖሊስ መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 1998 በታይፒስትነት ስትቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከድሬዳዋ መጥተው ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ሜትርና መቀስ ይዞ መቆም አልሆነላትም። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሶማልኛውን ከሰፈር፣ አማርኛውን ከቤት ይዛ ነበርና ሦስቱ ተጋግዘው እንጀራ አስገኙላት። ሰው «ፖሊስ ቤት ነው የምሠራው» ስትል ሲሰማ ፈራ ተባ ይል ነበር። እሷ ግን ዩኒፎርም ለብሳ አታውቅም፤ ሌባ ሲሮጥ አይታ አታውቅም። የእሷ ነገር ካርድ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የቆሙ የብረት መሳቢያዎች፣ በውስጣቸው በፊደል ተራ የተሰለፉ ካርዶች፣ በየካርዱ ላይ የአንድ ሰው ስምና ያለበት ጣጣ።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። መኖሪያ ፈቃድ የሚፈልግ፣ ወደብ የሚቀጠር፣ የፈረንጅ ቤት የምትገባ ሠራተኛ፣ ሁሉም አስቀድሞ የኋላ ታሪኩ ይጣራል። ማመልከቻው ወደ ሀኪማ ይመጣል። መሳቢያውን ትስባለች፤ ካርድ ከሌለ «ምንም የለም» የሚለውን ማኅተም ትመታለች። ካርድ ካለ ከማመልከቻው ጋር አያይዛ አለቃዋ ሙሰዲቅ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ይኸው ነው። ግን ማኅተሙ በዚያ ክፍል ሙቀት ቀለሙ እየደረቀ ስንቴ ውሃ ጠብ እንዳደረገችበት፣ ስንቱ ሰው በዚያች ክብ ቀለም ሥራ እንደገባ፣ ስንቱስ ባለመመታቷ ሜዳ ላይ እንደቀረ ለመቁጠር የሞከረ የለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከተማው ሁሉ የጫቱ መኪና ወደሚመጣበት ይሮጣል፤ እሷ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ቆልፋ፣ ቁልፉን እንደገና ሞክራ ነው የምትወጣው። አንድም ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም።

ጥያቄዋ የመጣው ከአንድ ካርቶን ነው።

በጅቡቲ ሐበሻ ሴት ለሥራ ቤት ስትገባ ብዙውን ጊዜ ስሟን ደጅ ትታ ነው። ጥላነሽ ትሁን የሺመቤት፣ እመቤቲቱ ገና በሩ ላይ ሌላ ስም ታወጣላታለች። አንዱ ቤት ለምላስ እንዲቀል ይላል፤ ሌላው ልጆቹ እንዲለምዱት ይላል፤ ሌላው ምንም አይልም፣ ልማድ ነው። ታዲያ ከቤቱ ዕቃ ጠፍቶ ሠራተኛዋም የሄደች ቀን፣ ባለቤቱ ለክስ ሲመጣ የሚያውቀው ያንኑ ስም ነው። «ሀዋ፣ ሐበሻ፣ ሠራተኛ፣ ጠፍታለች።» አባቷ ማን፣ አገሯ የት፣ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ክስ በፊደል ተራ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ ከሀኪማ በፊት የነበሩት ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ሲወረውሩት ኖሩ።

በ2001 ሀኪማ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። አቧራውን አራግፋ፣ ወረቀቱን ሁሉ በየቤቱ ለየችው፤ የባለቤቱ ስም፣ ሰፈሩ፣ ከዚያ የቤት ስሟ። ለብቻው አንድ ትንሽ መሳቢያ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ለወረቀት የምትመጣ ሴት የማን ቤት እንደሠራችና ቤት ውስጥ ማን ይሏት እንደነበር ትጠየቃለች። ቤቱና ስሙ ከገጠመ፣ ካርዱ ከእውነተኛ ስሟ ጋር ይያያዛል። ሙሰዲቅ ይህን ሲያይ እጁን በአፉ ጫነ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን መሳቢያ እየሳበ ያሳይ ጀመር፤ ሀኪማም በዓመቱ ከኮንትራት ወደ ቋሚነት ተዛወረች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መሳቢያዋ አሥራ አንድ ሴቶችን ያዘች። «እኔ አይደለሁም» ያላለች አልነበረችም። ሀኪማም «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» ብላ እስክሪብቶዋን ታነሳለች።

አበቡ ይመር የመጣችው በ2010፣ በመጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። የወሎ ሴት ናት፤ ሠላሳን አለፍ ያለች፣ ወረቀቶቿን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ የያዘች። ጋቦዴ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪምና ሚስቱ ሊቀጥሯት ፈልገዋል። ውል አለው፣ የራሷ ክፍል አለው፣ መኖሪያ ፈቃዱንም እነሱ ያወጡላታል። የጎደለው የሀኪማ ማኅተም ብቻ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካመጣች እንጠብቃታለን ብለዋል።

«ቤት ውስጥ ማን ይሉሽ ነበር?»

«ኢማን።»

«የማን ቤት?»

«የአቶ ባሺር። ካርቲየ 7 ቢስ፣ ሲሚንቶ የሚነግዱት።»

የሀኪማ ጣቶች በመሳቢያው ላይ ሮጡና ቆሙ። የባሺር ቤት። ኢማን። 2004። ሁለት የወርቅ አምባር። ጠፍታለች።

«ወርቅ ወስደሽ ጠፍተሻል ይላል» አለች ሀኪማ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ።

አበቡ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ እዚያ ቤት የገባሁት በ2006 ነው፣ እትዬ። ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ተሰናብቼ ነው የወጣሁት። ይጠይቋቸው።»

«በ2006 ለመግባትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?»

ምንም አልነበራትም። እንደ ብዙዎቹ በእግሯ ድንበር ተሻግራ የመጣች ናት፤ ፓስፖርት ያወጣችው ኋላ ነው።

«ከአንቺ በፊት እዚያ ቤት ሌላ ሠራተኛ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ማን ትባላለች?»

«ኢማን።»

ሀኪማ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «ሌላ ስም የላትም?»

አበቡ መሬት መሬት አየች። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት» አለች ሀኪማ፤ ካርዱንም ከማመልከቻው ጋር በስፒል ወጋችው። ሙሰዲቅ ያረጀ ክስ ስለሆነ ሴትዮዋን አላሰራትም። ወረቀቱን ግን ከለከለ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ የሚቃወም ማስረጃ ካልመጣ ካርዱ በስሟ ይጸናል፣ መኖሪያ ፈቃድም አታገኝም አለ። አበቡ አላለቀሰችም። ላስቲኳን መልሳ ጠቅልላ ወጣች። ሀኪማም የዚያን ዕለት ምሳዋን በሰላም በላች።

ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ምሳ ቀርቦ ተቀምጣለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ካርቲየ 3 ያለው ቤት ለሁለቱ ብቻ ሰፍቷቸዋል። እናቷ ጉልበቷን ስለሚያማት ከተቀመጠችበት ሆና ትእዛዝ መስጠት ሥራዬ ብላ ይዛዋለች።

«ዘቢባ! ውሃ አምጪ!»

ዘቢባ ውሃ ይዛ መጣች። ሀኪማ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ። ባለፈው ዓርብ ውሃ ያመጣችው ዘቢባ ረዥምና ጥርሰ ፍንጭት ነበረች። የዛሬዋ ዘቢባ አጭር ናት።

«እማ፣ ዘቢባ የት ሄደች?»

«ይችውልሽ ቆማ።»

«ያችኛዋን ማለቴ ነው።»

«እሷማ ሄደች። ዱባይ ይሁን የት፣ እንጃላት።»

«ይህችስ ማን ትባላለች?»

«ዘቢባ ነዋ!»

«እናቷ ያወጣችላት?»

እናቷ ጉርሻዋን ይዛ ዞር ብላ አየቻት፤ ልጅቷ ጤና የላትም እንዴ በሚል ዓይን። «ኧረ ልጄ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ የእያንዳንዷን ስም ስማር ልኑር? ምላሴ የለመደው ዘቢባን ነው። ከመጀመሪያዋ ወዲህ ስንት ዘቢባ አሳልፌያለሁ!»

የመጀመሪያዋን ሀኪማ ታስታውሳታለች። ጸጉሯን እየጎነጎነች ትምህርት ቤት ያደረሰቻት እሷ ናት። ሁለተኛዋ ጨው የምታበዛው ነበረች፤ ሦስተኛዋ የምትዘፍነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ተምታቱባት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነው፤ ስሙ የሴቲቱ አይደለም፣ የቤቱ ነው። እንደ ጓዳ ቁልፍ ለገባችው ይሰጣል፣ ስትወጣ ትመልሳለች። ይህን እያወቀች፣ እዚህ ቤት አድጋ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ቁልፉን የያዘችውን ሁሉ ሌባዋ ናት ስትል ከረመች። ሀኪማ አፈረች። እናቷ ፊት፣ ልጅቷ ፊት፣ ለብቻዋም አፈረች።

እሑድ ሥራ እንደገባች የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን መሳቢያ መሳብ ሆነ። አሥራ አንዱን ካርዶች አወጣቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ከሳሻቸው ቀርቦ ፊታቸውን አይቶ «ይህቺ ናት» ያላቸው ናቸው። ዘጠኙን፣ አበቡን ጨምሮ፣ ከካርዱ ጋር ያሰራቸው የቤት ስም ብቻ ነው። የዘጠኙም ስፒል የተወጋው በእሷ እጅ ነው። ስምንቱ ከተማውን ለቀው ሄደዋል፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። አበቡ ግን ገና አሥራ ስድስት ቀን አላት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ወደ ካርቲየ 7 ቢስ ሄደች። የአቶ ባሺር ሚስት ወይዘሮ ዙለይካ ባለሙያና እንግዳ ወዳድ ሴት ናቸው፤ ገና ስሟን ሳይጠይቁ ፍራሽ ላይ አስቀመጧት።

«ኢማን! ለእንግዳ ለስላሳ አምጪ!» አሉ።

አንዲት ልጅ ብቅ ብላ ጠርሙስ አስቀምጣ ተመለሰች። ሀኪማ ጠርሙሱን ሳትነካ የመጣችበትን ተናገረች።

«ወርቁ? ኧረ እሱማ ተገኘ!» አሉ ወይዘሮ ዙለይካ እየሳቁ። «የባሌ እህት ለሠርግ ብላ ሳትነግረኝ ወስዳው ኖሯል። በአራተኛው ወር መለሰችው። እኔማ ስንት አለቀስኩ መሰለሽ!»

«ያቺ ኢማንስ?»

«ጎበዝ ነበረች እሷ። ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት ግራ እጇን አቃጥሏት፣ እንደዚያው ሆና ትሠራ ነበር። ወርቅ ጠፋ ሲባል ደነገጠችና ሮጠች። ባትሮጥ እኮ…»

«ቀጥላ የመጣችውስ?»

«እሷ ደግሞ ሩዝ ታሳርር ነበር።» ዓመቱን ሲጠየቁ ከአንድ ረመዳን በፊት መሆኑን እንጂ የትኛው ረመዳን እንደሆነ አያስታውሱም። የሁለቱንም ስም አያውቁም።

«ወርቁ መገኘቱን ለፖሊስ ነገራችሁ?»

«ወርቁ ከተገኘ ፖሊስ ምን ያደርግልኛል?»

ክፋት አልነበረባቸውም። ሀኪማን ያበሸቃትም ይኸው ነው፤ የምትጣላው ክፉ ሰው እንኳ አጣች። ቃላቸውን እንዲፈርሙላት ስትለምናቸው ግን የወይዘሮዋ ፊት ጠቆረ። «ባሺር በእጁ የፈረመውን እኔ ሄጄ ላፍርስ? የባሌን እህት ሌባ ናት ልበል? ተዪኝ ልጄ፣ ቤቴን አታፍርሺው። ባይሆን ለስላሳሽን ጠጪ።»

አበቡን ያገኘቻት እዚያው ሰፈር፣ ሥራ የለቀቁ ሴቶች ተሰባስበው በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ተጠርታ ወጣች፤ የቢሮዋን ሴት በር ላይ ስታይ ክው አለች።

«ወርቁ ተገኝቷል» አለቻት ሀኪማ።

«እናውቃለን።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሰፈሩ ሁሉ። እናንተ ቤት ብቻ ነው ያልተሰማው። ብነግርዎስ መቼ ያምኑኝ ነበር?»

ሀኪማ ከቢሮዋ አስባበት የመጣችውን አወጣች። «ስሚኝ። ያቺ ሴት ከዚህ አገር እንዳልወጣች ከፊትሽ ይታያል። ስሟን ንገሪኝ። ካርዱን ከአንቺ ላይ አንስቼ በእሷ ስም አዛውረዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ወረቀትሽን ትወስጃለሽ።»

«ወርቁን ካልወሰደች ስሟ ለምን ይጻፋል?»

«ከሳሹ ካልሰረዘው ካርዱ ሰው ይፈልጋል፣ አበቡ።»

ጋቦዴ ያለችው ክፍል፣ የፈረንጆቹ ውል፣ በሰላም የምታርፍበት ዓርብ፣ ሁሉም በአበቡ ፊት ላይ ሲያልፍ ሀኪማ አየችው። «እንግዲያው እኔ የማውቃት ኢማን ብዬ ነው» አለች አበቡና ገባች።

ሀኪማ መጀመሪያ ተናደደች። ደጇ ድረስ ሄዳ እየለመነቻት በሩን ትዝጋባት! ከሰባት ቢስ እስከ ካርቲየ 3 በዚያ ፀሐይ በእግሯ ስትሄድ ግን ንዴቱ እያለቀ መጣ፤ በምትኩ የገባባት የባሰ ነበር። ይህቺ ሴት የራሷን እንጀራ አሳልፋ የሰውን ስም ደበቀች። እሷስ? የዘጠኝ ሰው ስም በስፒል የወጋችው እሷ፣ አሁን ደግሞ አሥረኛ ልትጨምር ነው የሄደችው።

በማግስቱ ከሙሰዲቅ ፊት ቆመች። ሁልጊዜ የሚነጋገሩት ከፈረንሳይኛ በተደባለቀ ሶማልኛ ነው፤ የዚያን ቀን ቃል እየመረጠች በዝግታ ተናገረች። የእናቷን ዘቢባዎች፣ የወይዘሮ ዙለይካን ኢማኖች፣ ሁሉንም ነገረችው። እሱ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ።

«ከሳሹ ካልመጣ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው» አለ። «ካርዱን ያያያዘው ሠራተኛ ተሳስቼ ነው ብሎ ይፈርማል። ደብዳቤው በሠራተኛው የግል ማኅደር ይገባል። ማነው ያያያዘው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኔ ላይ የጎረቤታችን ክፍል ኃላፊ ጡረታ ይወጣል። ቦታው ለማን እንደታሰበ ታውቂያለሽ። መዝገብ ቤቱ ተሳሳተ ብለሽ ጻፊና እኔ ልፈርም።»

ያንን ወንበር ሀኪማ ለአሥር ዓመት ስታየው ኖራለች። በመስኮት በኩል ባሕር የሚታይበት፣ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ነው። «መዝገብ ቤቱ እጅ የለውም፣ አለቃ» አለች።

ራሷ በታይፕ መታችው። የዘጠኙን ሴቶች ስም ከነአባታቸው በየመስመሩ ጻፈች፤ ከሥር የራሷን አስከትላ ፈረመች። ሙሰዲቅ አነበበና ዘጠኙን ካርዶች ከስማቸው ለየ። የባሺርን ክስ ግን ሊሰርዝ ሥልጣኑ አልነበረውም። «ከሳሽ እስኪያነሳው ክስ ክስ ነው» አለ። «ጥያቄሽንም አታቁሚ። በቤት ስም ብቻ አታያይዢ እንጂ፣ የገጠመች ሴት ከመጣች ወደኔ ላኪያት፤ ከሳሹን አስጠርተን ፊት ለፊት እናገናኛቸዋለን።»

ፊት ለፊት ሲገናኙ ባሺር ከእህቱና ካመለጠች ሠራተኛ የቱን እንደሚመርጥ ሀኪማ አልጠፋትም። ኢማን የሚለው ካርድ ባለቤት ሳይኖረው ወደ ትንሿ መሳቢያ ተመለሰ።

አበቡ ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ወረቀቷን ወሰደች። ማኅተሙን በጣቷ ነክታ አየችው። «ሌላዋስ?» አለች።

«ካርዱ አለ። ስም የለበትም።»

«ይሁን» አለች አበቡ፤ ሳታመሰግን ሄደች። ሀኪማ አልተቀየመቻትም።

ሰኔ ላይ የክፍል ኃላፊነቱ ከሌላ ክፍል ለመጣች ሴት ተሰጠ። የስህተት ደብዳቤው በሀኪማ ማኅደር ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ስንቱን ሰው ያጣራች ሴት አሁን እሷ ብትጣራ ይገኝባታል፤ ይህን ስታስብ አንዳንዴ ያንገበግባታል፣ አንዳንዴ ያስቃታል። ቤት ደግሞ አጭሯን ልጅ ስሟን ጠየቀቻት። ትርንጎ ነው አለች። ሀኪማ «ትርንጎ» እያለች ስትጠራ እናቷ «ዘቢባ» ማለቷን አልተወችም፤ ልጅቷ ለሁለቱም አቤት እያለች ሁለት ቤት ያለች ያህል ትሮጥ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ2012 የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ተራው ረዝሞ ሳለ፣ አበቡ በሩ ላይ ብቅ አለች። ወፈር ብላለች፤ የቤት ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ወደ መስኮቱ ግን አልቀረበችም፤ አብራት የመጣችውን ሴት በትከሻዋ ገፋ አደረገቻትና እዚያው ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ሴትዮዋ አርባን የተጠጋች ናት። ወረቀቶቿን በቀኝ እጇ አቀበለች፤ ግራ እጇ ከሻሿ ሥር ነበር።

«ስም?»

«ስንዱ።»

«የአባት?»

«በለጠ።»

«ስንት ዓመት ሆነሽ እዚህ አገር?»

«አሥራ አንድ።»

«እስካሁን ወረቀት ጠይቀሽ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

አሥራ አንድ ዓመት፣ ከነዚያ ውስጥ ስምንቱን ተደብቃ። ፎቶግራፉን ለመለጠፍ ሙጫውን ስታቀብላት ሴትዮዋ ሁለቱንም እጆቿን ማውጣት ነበረባት። የግራ እጇ ጀርባ ከጣቶቿ ሥር እስከ አንጓው ድረስ ተኮማትሮ ያበራል፤ ያረጀ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። ሀኪማ አየችው። ሴትዮዋም መታየቱን አወቀች፤ ግን መልሳ አልደበቀችውም።

ሀኪማ እንደ ልማዷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀና አለች። ግድግዳው ጋ አበቡ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ከኋላ የሙሰዲቅ በር ክፍት ነው፤ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ትንሿ መሳቢያ በግራ እጇ ስር ናት፤ ኢማን በውስጧ አለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሳትጠይቅ ያሳለፈቻት አንዲት ሐበሻ ሴት የለችም። የምታደርገው ነገር ስህተት መሆን አለመሆኑን አሰበች፤ ከዚያ የዘጠኙን ስም የጻፈችበትን ቀን አስታወሰች፤ ያን ቀን ስም ያላገኘችላት አሥረኛዋ አሁን ፊቷ ቆማለች።

ትልቁን መሳቢያ ሳበች። በለጠ፣ ስንዱ። የለም። ማኅተሙን ቀለም አስነክታ አጥብቃ መታችና ወረቀቱን በመስኮቱ ገፋችው።

ስንዱ አላነሳችውም። መልሱን ከቤት ጀምሮ ስታጠናው የመጣች ትመስላለች።

«አንድ ጥያቄ ይጠይቁሻል ብለውኝ ነበር» አለች። «አልጠየቁኝም እኮ።»

«ስምሽን ጠየቅሁሽ» አለች ሀኪማ። «ነገርሽኝ።»